የሱቁ ምሳሌ

«ይህን የሱቅ ምሳሌ ያመጣው ማነው?» አሉ ቲቸር አምሳሉ ወረቀቱን ከፍ አድርገው።

«እኔ ነኝ» አለ ባሮክ ፍንክች ሳይል።

መቅዲ አንገቷን ደፋች። የቤት ሥራው «ራን» እና «ብሬክ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉሞች ማወዳደር ነበር። የአንድ ለአምስት ቡድናቸው መሪ ባሮክ ሜክሲኮ ካፌ ሰብስቧቸው ሲቀልድ ዋለ እንጂ አንድ መስመር አልጻፈም። ሁሉንም የሠራችው ዘኪያ ናት። እሷ ከትምህርት በኋላ ጌጃ ሰፈር የእናቷን ሱቅ ስለምትጠብቅ ካፌ መምጣት አልቻለችም። መቅዲ ግን ሱቁ ድረስ ሄዳ አብራት ተቀምጣ ነበር።

«ራን መሮጥ ብቻ እንዳይመስልሽ» ብላት ነበር ዘኪያ ስኳር እየመዘነች። «ሱቅ ማስተዳደርም ራን ነው። በፈረንጆቹ አባባል እማዬ ተቀምጣ ስትሮጥ ነው የምትውለው።» ወዲያው አንድ ሰውዬ መቶ ብር ዘርዝሩልኝ ሲል ሳቀች። «ብሬክም በእግሩ መጣልሽ። መስበር ነው፣ እረፍት ነው፣ ብር መዘርዘርም ነው።»

«ዘኪያስ ምን ሠራች?» አሉ ቲቸር።

«ምንም። አንድም ቀን ስብሰባ አልመጣችም። ከፈለጉ መቅዲን ይጠይቋት።»

ዘኪያ ዞር ብላ መቅዲን አየቻት። ምንም አልፈራችም፤ ጓደኛዋ አለቻ። መቅዲ ግን ከባሮክ ጀለሶች ጋር መቀመጥ የጀመረችው ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ ያን ቦታ ማጣት አልፈለገችም።

«አዎ ቲቸር፣ ካፌ አልመጣችም።»

አንድም የውሸት ቃል አልነበረበትም። የባሰ ያሳፈራትም ይኸው ነው።

ዘኪያ ዜሮ ተሰጣት፤ ክፍሉንም ብቻዋን እንድትጠርግ ታዘዘች። ባሮክ ሲወጣ «በይ እንግዲህ፣ መጥረጊያውን ራን አድርጊው» አላት። ጀለሶቹ ሳቁ። መቅዲም አብራ ሳቀች።

በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። ተመልሳ መጥረጊያውን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለች ዘኪያ ቀና ሳትል። «ካፌ ይጠብቁሻል።»

መቅዲ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ባሮክ ከግቢው በር ሆኖ ጠራት። ሰምታዋለች። ወደ መምህራን ክፍል ታጥፋ በሩን አንኳኳች።