ከጎማው የቀደመ የምሥራች

ደስታ ሰው ይገድላል ቢባል ማን ያምናል? ሐዘን ሲገድል ታይቷል፤ ችግርና በሽታም ሲገድሉ ታይተዋል። ይህች ቤት ግን የፈረሰችው በእንባ ስትለምነው የሰነበተችው ደስታ በመጣላት ቀን ነው። በቤቱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አባት የአንድ ባለሀብት ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። እናት በዚያው ባለሀብት የግል አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የማኮብኮቢያውን ሁኔታ ለአብራሪዎች በራዲዮ ትነግራለች። አብራሪዎቹ «እማማ ራዲዮ» ይሏታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድያ ልጃቸው ደግሞ አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት፣ ናሙናው ተወስዶ፣ ካንሰር ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ስልክ በጮኸ ቁጥር የሦስቱም ልብ ቀጥ ይል ነበር።

አባት ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው መሳቂያ እስኪያደርገው ድረስ። ከማረፉ በፊት የሚሠራውን ሁሉ፣ ሲበር ታጥፎ የሚቆየውን ጎማ እስከ ማውረድ ድረስ፣ አንድ በአንድ በራዲዮ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሚስቱም ለእያንዳንዱ «እሺ» ትለዋለች። ሌላ አብራሪ እንዲህ አያደርግም። የእነሱ የሁለቱ ብቻ ልማድ ነበር። «ነዳጅ።» «እሺ።» «ቀበቶ።» «እሺ።» «ጎማ።» «እሺ።» «መብራት።» «እሺ።» የማረፊያው መካኒክ ይህን በሰማ ቁጥር «እናንተ ሰዎች በየቀኑ ነው እንዴ የምትጋቡት?» እያለ ያበሽቃቸዋል። አንድ ሕግም ነበራቸው፤ ጥሪው ከተጀመረ ሌላ ወሬ የለም። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። «ቤታችን ቢቃጠል እንኳ ካረፍኩ በኋላ ንገሪኝ» ይላት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሕጉን አንድም ቀን አላፈረሰችም።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋስም አልነበረም። እንዲህ ባለ ቀን ምን ክፉ ነገር ይመጣል? አውሮፕላኑ ከሩቅ ብቅ አለ። «ነዳጅ» አላት። «እሺ» አለችው። «ቀበቶ» ሲል ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አንደኛው ጆሮዋ ላይ የራዲዮውን ማዳመጫ እንዳደረገች በሌላው ስልኩን አነሳችው። ሐኪሙ ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የልጅዎ ውጤት መጥቷል። ካንሰር አይደለም» አላት። እናት ናትና፣ ሦስት ሳምንት ታፍኖ የቆየ ትንፋሿ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ምነው ሁለት ደቂቃ ብቻ በታገሰች! ምነው እጇ የራዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ባልነካ!

«ልጃችን ነጻ ናት! ካንሰር አይደለም! ሰማኸኝ? አይደለም!»

«ድገሚልኝ... በእናትሽ ድገሚልኝ!»

ደገመችለት። እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ሲመለስ «መብራት» አለ። እሷም ፊቷን በመሐረብ እየጠረገች «እሺ» አለችው። ጎማ የሚባለውን ቃል እሱ አልጠራውም፤ እሷም መዘለሉን ልብ አላለችም።

ልብ ያለችው ቀና ብላ በመስኮቱ ስታይ ነው። ከክንፎቹ ሥር ምንም የለም! ጎማው እንደታጠፈ ነው! ቁልፉን ጨብጣ «ጎማ! ጎማ!» ብላ ጮኸች። ግን አባት የራሱን ቁልፍ ተጭኖ እያወራ ነበር፤ በዚያ ራዲዮ ደግሞ አንዱ ሲናገር የሌላው ድምፅ አይገባም። «ንገሪያት እሺ? ዛሬውኑ መጥቼ አቅፋታለሁ በያት። ትምህርቷንም ትቀጥላለች፣ አየሽ፣ እኔ እኮ ብዬ ነበር...» ከቃሉ ጀርባ ጎማ አለመውረዱን የሚያስጠነቅቀው ጥሩምባ ሲጮህ እሷ በማዳመጫዋ ትሰማዋለች። አጠገቡ የሚጮኸውን ጥሩምባ እሱ አልሰማውም። ደስታ ጆሮውን ደፍኖት ነበር! ጮኸች፣ መስኮቱን በጡጫ ደበደበችው፣ መስተዋቱ ተሰንጥቆ እጇ ደማ። ማን ይስማት? አውሮፕላኑ በሆዱ አረፈ፣ ተንሸራተተ፣ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ተገለበጠ።

አባት ሆስፒታል ገብቶ ሁለት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን የአደጋ መርማሪው አልጋው አጠገብ ቆሞ «ሊያርፉ ሲሉ ከሥራው ውጭ በሌላ ወሬ ያነጋገረዎት ሰው ነበር?» ሲል ጠየቀው። እናት ልትናገር አፏን ስትከፍት ባሏ በደከመ እጁ እጇን ጨበጣት።

«ማንም አላናገረኝም። ረሳሁት፣ በቃ» አለ።

መርማሪው ከወጣ በኋላ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋ። «ልጅቷ እንዳትሰማ። ከሰማች በእኔ መዳን ምክንያት ሞተ ትላለች። አደራ...» ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ሳይመሽ አረፈ።

የምርመራው ውጤት አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። «በአብራሪው ቸልተኝነት» ይላል። ቸልተኝነት! ቤቱን ቆልፎ ሦስት ጊዜ በሩን የሚገፋ ሰው! ወሬው በየመንገዱ ተናኘ፤ «ጎማ ረስቶ ያረፈው» እያሉ የሚስቁም አልጠፉም። እናት ሰማች፣ ዋጠችው። ብትናገር አደራ በላ ልትሆን ነው፤ ዝም ብትል የባሏ ስም እየተረገጠ ነው። የቱን ትምረጥ? ሌሊት ትራሷን ነክሳ ታለቅሳለች፣ ቀን ራዲዮው ፊት ተቀምጣ ለሌሎች አብራሪዎች «ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ልጇ የአባቷን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ወንበር ላይ ደፍታው አገኘቻት።

«ላየው አልቻልኩም፣ እማዬ። እንደዚያ ታምሜ እያወቀ እንዴት ራሱን አይጠብቅም? ጎማ ይረሳል? ለእኔ ግድ ቢኖረው ይረሳ ነበር?»

እናት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ይህንን ቃል ማን ችሎ ይሰማል? ስልኩን ነገረቻት፣ ራዲዮውን ነገረቻት፣ ያልተጠራውን ጎማ ነገረቻት። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ የኔ ልጅ። አባትሽ አንቺን ስላሰበ ነው የረሳው» አለቻት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷን አልረገመቻትም፣ አላቀፈቻትምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ደስ ብሎት ነበር?»

«በጣም» አለች እናት። «በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።»

ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ተንሰቀሰቁ። የሰው ልጅ ዕጣ እንዲህ ናት፤ በአንድ እጇ ሰጥታ ሳትጨርስ በሌላው መልሳ ትነጥቃለች፤ ለምን ብሎ የሚከሳት ዳኛም የለም። ፎቶው ወደ ግድግዳው ተመለሰ፣ የምርመራው ወረቀት ላይ ያለው «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ግን እንዳለ ቀረ። ልጅቷም ዛሬ ጤነኛ ናት፣ ትምህርቷንም ትማራለች። አንድ ነገር ግን አልሆነላትም። መንገድ ላይ የሚያውቃት ሰው አቁሞ «እንዴት ነሽ? ተሻለሽ ወይ?» ሲላት፣ «ድኛለሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች።