ዘጠኙ የሽታ ናሙናዎች

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ከደብረ ብርሃን ዳርቻ ካለው ፋብሪካ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ያገለገለ ፕላስቲክ አጥቦና አቅልጦ የምግብ መያዣ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። የጥራት ኃላፊው ኪዳነወልድ በጋቢው እንደተጠቀለለ ከላቦራቶሪው አግዳሚ ወንበር ላይ ሞቷል። እግሩ ሥር አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ አለ። በልቧ ነፍስ ይማር ብላ ጋቢውን ፊቱ ላይ መለሰችው።

«ብርዱ ነው የገደለው» አለ የፋብሪካው ባለቤት ቴዎፍሎስ። «ጾመኛ ነው፤ እኛ ምሳ ስንወጣ እሱ እዚሁ ጋደም ይላል። ከሰል አስገብቶ በሩን ዘጋ፤ አለቀ። አደጋ ብለው ይጻፉልኝና መኪናዬ ይሂድ።»

«የምን መኪና?»

«የሕፃናት ገንፎ ዱቄት መያዣ የጫነ። አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል።»

«የጥራት ምስክር ወረቀቱስ?»

«ኃላፊው ከሌለ ረዳቱ ሥርጉት ትፈርማለች።»

ሥርጉት ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች መስኮቱ ሥር ቆማለች።

«ዛሬ ምን ይሠራ ነበር?» አለቻት ይመኙሻል፣ ቴዎፍሎስን ካስወጣች በኋላ።

«ሽታ ይመረምር ነበር። ከጭነቱ ዘጠኝ ናሙና በጠርሙስ አድርጎ አንድ በአንድ ያሸታል። የፀረ ተባይ ጀሪካን አብሮ ከቀለጠ አፍንጫ ያውቀዋል።»

«ጠርሙሶቹ የት አሉ?»

«ኮሪደሩ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«አምስት ተኩል ላይ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ ሞቷል ተባለ። እዚህ የገባሁት አሁን ከእርስዎ ጋር ነው።»

አስከሬኑን ያገኘው የምርት ኃላፊው ገብረአብ ነው። «በሩ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ተወትፎ ነበር። በእግሬ ገፋ አድርጌ ገባሁ።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ የተወተፈው?»

«ከውጭ።»

ቴዎፍሎስንም ጠርታ ኪዳነወልድን መጨረሻ ያየው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ያሸታል። ‹ሽቶህን ይዘህ ውጣልኝ፣ ሙሽራ!› ብሎ አባረረኝ። በገዛ ፋብሪካዬ!»

ከዚያ ሁለቱን ወንዶች ናሙናዎቹን አምጡልኝ አለቻቸው። ጠረጴዛ ሥር አጎንብሰው ፈለጉ፤ አጡ። እሷ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ዘጠኙም ክዳናቸው ጥብቅ እንዳለ ተደርድረዋል። አንዱን ከፍታ ብታሸተው ፀረ ተባይ ፀረ ተባይ ይላል። ሦስቱንም ሰዎች ሰበሰበቻቸው።

«ሽቶ ያባረረ ሰው በናሙናው መካከል ከሰል አያነድም» አለች። «ሙት ደግሞ ከውጭ ሆኖ በር አይወትፍም። እንግዲህ ሰው ገድሎታል። ገዳዩ ግን እሳቱን ከማስገባቱ በፊት ጠርሙሶቹን አውጥቷል። አቶ ቴዎፍሎስ፣ ናሙናውን ጭስ ቢበላው ሽታው ይጠፋል፤ ለእርስዎ ደስታ ነው። ገብረአብ፣ ጀሪካኖቹ ያለፉት በአንተ እጅ ነው።»

«ሳላውቅ ነው፣ እመቤቴን!»

«ቢሆንም ለጠርሙሶቹ አታዝንም። ሥርጉት፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላም ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ እንኳ የት እንደገቡ አያውቁም። አንቺ በምን አወቅሽ?»

ሥርጉት አልተነቃነቀችም። ድምፅዋ ወረቀት የምታነብ ይመስላል።

«ላለፉት ሁለት ጭነቶች ከውኃ ጠርሙስ የተሠራ ንጹሕ ናሙና አቅርቤ አስፈርሜዋለሁ። ፋብሪካው እንዳይዘጋ ብዬ። ዛሬ ጠዋት ደረሰበት። ‹ነገ እጽፋለሁ› አለኝ። ተመልሼ እስኪተኛ ጠበቅሁ።»

«ሰውዬውን ልትገድዪ ጠርሙሶቹን ለምን አወጣሽ?»

ሥርጉት እጆቿን አየች።

«ናሙና ላይ ጭስ አይለቀቅም። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

ገብረአብ ሳይታዘዝ ወጣና ሹፌሩን ሞተሩን አጥፋ አለው። ከዚያ በኋላ ከመኪናው ካርቶን ሲወርድ ብቻ ነበር የሚሰማው።