የኪድሮቫ ጭስ

ያቭዶኻ መንደሩን ለቃ ሽቅብ ስትወጣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ፊቷን ይገርፋት ነበር። አማቷ ሽማግሌው ታናሲ የመዳብ ድስቱን አዝሎ ከኋላዋ ያዘግማል።

በመንደራቸው ወጉ አንድ ነው። በረዶው ሲለቅ ከተራራው ጎጆ ቀድሞ ጭስ ያወጣ ሰው በጋውን ሙሉ በጎቹን እዚያ ያሰማራል። ባሏ ኢልኮ በሕይወት ሳለ ኪድሮቫ የሚባለውን ይህን የተራራ ግጦሽ ማንም አልተሻማውም። ዘንድሮ ግን ጎረቤቷ ሉኪን መጠጥ ቤት ውስጥ «የመበለት ጭስ አይቆጠርም» ብሎ ፎከረ። ኪድሮቫን ካጣች በጎቿን አርዳ መጨረሷ ነው።

አመሻሽ ላይ ውሽንፍሩ መንገድ አሳጣቸው። ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ተጠለሉ። የአገሩ ሰው «የበሬ ዓይን» የሚላቸው፣ ጭራቸውን ሽቅብ የሚያቆሙ ደቃቃ ቡናማ ወፎች ከግንዱ ቀዳዳ አንዱ በሌላው ላይ እየተጠቀጠቁ ገቡ።

«ቀኑን ሙሉ ድንበሬን ነካህ ሲባባሉ ይውላሉ» አለ ታናሲ። «ብርዱ ሲመጣ ግን አንድ ጉድጓድ።»

«እንደ እኔና ሉኪን በሉኛ።»

«ሉኪን ያን ቦርጩን ጉድጓዱ ውስጥ የት ያደርገዋል?»

ሲነጋ ድብ ገጠማቸው። ከረጅም እንቅልፉ ገና የነቃ፣ አጥንቱ የገጠጠ፣ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ታናሲ አፈገፈገ። ያቭዶኻ ድስቱን ከጀርባው ነጥቃ በመጥረቢያዋ እየደበደበች አስጮኸችው።

«ዞር በል። መንገዴ ነው።»

ድቡ አሽትቶ፣ አጉረምርሞ ጫካው ገባ።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ሉኪን በአቋራጭ መጥቶ አገኛቸው። ጎጆው ከማዶ ይታያል። ጅረቱን በረዶ እንደ ድልድይ ሸፍኖታል። ያቭዶኻ ልትረግጠው እግሯን አንሥታ ቆመች። አንዲት የበሬ ዓይን እንደ አይጥ ተሹለክልካ ከበረዶው ሥር ገባች፤ ወረድ ብላ በሌላ ስንጥቅ ሸረሪት በምንቃሯ ይዛ ብቅ አለች።

«ሉኪን፣ አትርገጠው። ወፏ የምታድንበት ቦታ ካለ ሥሩ ባዶ ነው። በላይ በቋጥኙ እንዙር።»

«አንቺ ሸረሪትሽን ልቀሚ፤ እኔ ጭሴን ላውጣ።»

ጥቂት እንደተራመደ በረዶው ተደረመሰ። ሉኪን እስከ ደረቱ ሰጠመ። ውኃው እግሩን ወደ በረዶው ሥር ይጎትተዋል፤ በክርኖቹ ብቻ ጠርዙን ይዟል።

«ጎጆው ባዶ ነው፣ ልጄ» አለ ታናሲ በዝግታ። «ሂጂ። እኔ አወጣዋለሁ።»

«በየትኛው ጉልበትዎ?»

መቀነቷን ፈትታ ጫፉን ወረወረችለት። ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተክላ፣ እጇ እስኪላጥ ሳበች።

በቋጥኙ ዞረው ጎጆው ሲገቡ የሉኪን ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር። እሳቱን ያቭዶኻ በገዛ እጇ ለኮሰች። ጭሱ ከጣሪያው ሽቅብ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ብትተዪኝ ኖሮ ቀድመሽ ትገቢ ነበር» አለ ሉኪን እሳቱን ታቅፎ።

«ብተውህ የማን ጭስ እንደሆነ ማን ይመሰክርልኛል? ዛሬ እዚህ ታድራለህ። ነገ ወርደህ በዚያው በፎከርክበት አፍህ ትናገራለህ።»

«ባልናገርስ?»

«ርጥብ ሱሪህ እኔ ጋ ተሰቅሏል። ያለ እሱ ትወርዳለህ።»

ታናሲ ድስቱን እያማሰለ ሳቀ።

ማለዳ አንድ ወንድ የበሬ ዓይን ጎጆው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ዘመረ። ከዚያች ቁራጭ ገላ ይወጣል የማይባል ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። ሉኪን ሱሪውን ታጥቆ ወረደ። ጭሱን አይተው የሚወጡ የመንደሩ ሰዎች ከታች ተጣሩ።

«የማን ጭስ ነው?»

ሉኪን ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ያቭዶኻ መጥረቢያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«የያቭዶኻ ነው» አለ።

«አልሰማንም!»

«የያቭዶኻ!»

ያን ጊዜ ገብታ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።