ባለ ሦስት ጅራቷ ምስክር

ሰዉ «ትል ቆጣሪው» የሚለው የወንዝ ነፍሳት አጥኚ ከድልድዩ ሥር፣ ከወንዙ በተረፈችው ኩሬ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ኩሬዋ ከጉልበት አታልፍም። ሃያ ዓመት ሙሉ የወንዝ ነፍሳት ሲለቅም የኖረ ሰው በጉልበት ውሃ ሰጠመ መባሉ ለኢንስፔክተሯ አልዋጥልሽ አላት።

ይበልጥ ያናደዳት ግን እሷ ሳትደርስ ጥፋተኛው ተመርጦ መቆየቱ ነው። የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ዛፎቹ በቁማቸው የደረቁበት የፍራፍሬ ገበሬ፣ እጁን ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሰጠው ቃል ሥር ፊርማ የለም፤ የአውራ ጣት አሻራ ብቻ።

«ትናንት በሰው ፊት ‹እገልሃለሁ› ብሎታል» አለ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። «ምኑን ትመረምሪያለሽ፣ እህቴ? ከምሳ በፊት ፈርመሽ ላኪው።»

«ብለውታል፣ ጋሼ?» ስትል ገበሬውን ጠየቀችው።

«ብዬዋለሁ! ዛፌ እየሞተ ትል ይቆጥራል። ተናድጄ ነው እንጂ ወንድሜን ልገድል? ያሳደግኩት እኮ እኔ ነኝ!» አለ ገበሬው።

ኢንስፔክተሯ አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ከደረት ኪሱ አንዲት ብልቃጥ አወጣች፤ አልኮል፣ ጥቂት ነፍሳትና የተለቀሙበት ቦታ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዛለች። አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ወረቀቱ ላይ «ድልድይ» የሚለው በግድ ይነበባል። ዓይኗ በልቅሶ ያበጠውን የሟቹን ረዳት ጠራቻት።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኛ አይደለም። እኛ በእርሳስ ነው የምንጽፈው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።»

«ነፍሳቱስ?»

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችና ደነገጠች። «ባለ ሦስት ጅራቶቹ! እነዚህ የሚፈስ ውሃ ካላገኙ ይታፈናሉ። ድርቅ ሲመጣ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። እዚህ ኩሬ ውስጥ ካየናቸው አምስት ወር አልፏል፤ አሁን የቀሩት ብቅ እያሉ አየር የሚስቡት ጥንዚዛዎችና የትንኝ እጮች ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ የሚፈስ ውሃ የት አለ?»

«የለም። ከምንጩ ደርቋል ተብሎ ላይኛው ወንዝ ታጥሯል። የአጥሩን በር ቁልፍ ኃላፊው ለማንም አይሰጥም።»

ኢንስፔክተሯ ቁልፍ አልለመነችም፤ አጥሩን ዘለለች። ውሃው እንደ ጉድ ይፈሳል! መቶ እርምጃ ያህል በድንጋዮቹ ላይ ይወርድና በሰፊ ቱቦ ተውጦ ከኮረብታው ማዶ ወደ ለመለመ ትልቅ እርሻ ይሻገራል። ሰዉ ከታች «ድርቅ ነው፣ ምን ይደረጋል» እያለ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ደሟ ፈላ። ወንዙ ዳር የትል ቆጣሪው መረብ እጀታው ተሰብሮ ወድቋል፤ አጠገቡ የመኪና ጎማ ዱካ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ገበሬውን፣ ኃላፊውንና ረዳቷን ኩሬዋ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«የተገደለው እዚህ አይደለም፤ ላይ ነው» አለች። «ድርቁ እውነት ነው፤ የተረፈችዋ ውሃ ግን በቱቦ ወደ ማዶው እርሻ እየተሰረቀች ነው። ሟቹ የዚህን ማስረጃ ሲለቅም ተደረሰበትና ተመታ። ገዳዩ የአጥሩን በር ከፍቶ አስከሬኑን በመኪና አምጥቶ እዚህ ደፋው። ብልቃጡን ቢጥለው ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር። እሱ ግን እዚሁ ሲሠራ ሞተ እንዲባል ወረቀቱን ቀየረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ረዳቱ ብትሆን በእርሳስ ትጽፍ ነበር። ጋሼ መጻፍ አይችሉም። ቁልፉ ያለውም አንድ ሰው እጅ ነው።»

ሁሉም ኃላፊው ሸሚዝ ኪስ ላይ የተሰካውን ሰማያዊ እስክሪብቶ አዩ።

«በትል ሰው ሊከሰስ?» ሲል ጮኸ። «ከላይ መጣ ከታች፣ ትል ትል ነው!»

«አዎ፤ እንደዚያ ስለሚያስቡ ነው ወረቀቱን ቀይረው ትሉን የተዉት።»

የኃላፊውን መኪና ሲፈትሽ የነበረው ፖሊስ ከወንበር ሥር ያገኘውን ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። አልኮል አልኮል ይሸታል። «ላይኛው ወንዝ፣ ከአጥሩ ውስጥ» ይላል። የሟቹ እርሳስ አንዲት ፊደል አልለቀቀም።

ካቴናው ከገበሬው እጅ ወልቆ ወደ ኃላፊው ዞረ። ገበሬው ግን ኃላፊውን ዞሮም አላየው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ» አለ፤ «ውሃዬን የወሰደውን ትቼ ወንድሜ ላይ ስጮህ ከረምኩ።» ቀጥሎ ወደ ረዳቷ ዞረ።

«ልጄ፣ ባለ ሦስት ጅራቷን እስቲ አሳዪኝ። ስንቴ ‹ና እይ› ሲለኝ አንድ ቀን አላየሁለትም።»

ብልቃጡ ማስረጃ ስለሆነ ኢንስፔክተሯ ራሷ ያዘችውና ወደ ዓይኑ አስጠጋችለት።