«ሃኮፕ ማን?»

ኤፍራታ ትምህርት ቤት ሎከሯን ስትከፍት አንዲት የታጠፈች ወረቀት እግሯ ሥር ወደቀች። «ነገ ስለ አርመኖች ያንን ውሸት ካወራሽ፣ የት እንደምትኖሪ እናውቃለን» ትላለች። የጻፈው ሰው ስም የለም። ኤፍራታ ወረቀቷን ኪሷ ከተተች።

አውቶቡሱ ሰፈሯ ጄን ኤንድ ፊንች እስኪደርስ፣ ከኋላዋ የተቀመጠው ሁሉ ወረቀቷን የጻፈ መሰላት። ሊፍት ውስጥ ኮፍያ የደፋ ልጅ ተከትሏት ሲገባ ትንፋሿን ዋጠች። ልጁ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ ስልኩን እየነካካ ወረደ።

ቤቷ ሳትገባ የጎረቤታቸውን የጋሽ ቫርታንን በር አንኳኳች። ጋሽ ቫርታን አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ አርመን ናቸው፤ አማርኛቸው የእሷን አማርኛ ያሳፍራል። በኦቶማን ዘመን ስለተጨፈጨፉት አርመኖች ነገ ክፍል ውስጥ ስለምታቀርብ፣ የአባታቸውን የልጅነት መታወቂያ አውሰዋት ነበር።

«መታወቂያውን ልመልስልዎ ነው፣ ጋሼ። ፕሬዘንቴሽኑን ካንስል አደርገዋለሁ። አሞኛል።»

ሽማግሌው ፊቷን አተኩረው አዩ። ኤፍራታ ወረቀቷን አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ፈርተሻል።»

«በጣም።»

«እኔም ብሆን እፈራለሁ። ተይው፣ አልቀየምሽም።» መታወቂያውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ይቺን መስመር አይተሻታል?»

«ስም፦ ሃኮፕ» ይላል። ከሥሩ «የአባት ስም» የሚለው መስመር ባዶ ነው።

«አርመኖቹ ከአገራቸው ሲነዱ አባቴ አራት ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ መንገድ ላይ አለቁ፤ የአባቱን ስም የሚነግረው ሰው አልተረፈም። በኋላ አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ፣ መቼም የእኛን አገር ታውቂዋለሽ፣ ያገኘው ሁሉ ‹ሃኮፕ ማን?› ይለዋል። ሸምግሎ እንኳ ያቺን ጥያቄ እንደፈራ ሞተ።»

ኤፍራታ ባዶውን መስመር ስታይ ቆየች።

«ጋሼ፣ መታወቂያው እስከ ነገ እኔ ጋ ይደር?»

ቤቷ ገብታ የዛቻውን ወረቀት ለአስተማሪዋ ለመስጠት ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአቅራቢው ስም ገና አልተጻፈም። አንዴ ተሳሳተች፤ አጥፍታ እንደገና ጻፈች።

ኤፍራታ ተክሉ።