መርዶ ወደ ሰበታ

ሚያዝያ ፳ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ከእንጦጦ ጀርባ ጀምሮ እስከ ጫንጮ በጉም እንደተሸፈነ ነግቷል፤ ወደ ጎጃም የሚወስደው አስፋልት ግን ሌላ መንገድ መስሏል፤ አንዳንድ የጭነት መኪና ከማለፉ በቀር ሚኒባስ የለም፤ የረዳት ጩኸት የለም፤ ተራ የሚያስከብርም የለም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፤ መጨባበጥ ነውር ሆኗል፤ ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰው መኪና ቆሟል፤ ትንሣኤም ምእመኑ በየቤቱ ተዘግቶ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየ አልፏል።

በዚያ ማለዳ የድርቆሽ ነጋዴው አቶ ካሳሁን ፍቅረሥላሴ ጋቢውን ደርቦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዱላውን ይዞ በእግሩ ከቤቱ ወጣ። የሚሄደው ሰበታ ነው፤ የያዘውም መርዶ ነው።

ባለቤቱ ሸዋነሽ ያረፈችው በመጋቢት መጨረሻ ነበር። የገደላት ዓለሙን ያስጨነቀው ወረርሽኝ አይደለም፤ የቆየ የልብ ሕመም ነው፤ ሆኖም የሞተችው በወረርሽኙ ጊዜ ስለ ሆነ እንደ ሰው ወግ አልተለቀሰላትም። እድሩ ድንኳን አልጣለም፤ ለቀስተኛው ከአጥሩ ውጭ ይቆምና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይመለስ ነበር። ካሳሁንም አላለቀሰም። ጎረቤቱ «አይ ጽናት!» እያለ ተደነቀበት፤ እውነቱ ግን ጽናት አልነበረም፤ ምንም አልተሰማውም። ደረቱ ውስጥ የድርቆሽ እስር የታጨቀ ይመስል ነበር፤ ይበላል፤ ይተኛል፤ በማግሥቱም ይነሣል።

ሸዋነሽ ልትሞት ስትል አንድ ነገር አስምላዋለች፤ «ለልጄ ሳትነግራት አርባዬን እንዳታወጣ፤ በስልክም እንዳይነገራት» ብላዋለች። ልጃቸው ትጊ አንድ ናት፤ ተምራ ባንክ ተቀጥራ፣ አባቷ ሊድራት ሲያስብ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ሥራዋን ጥላ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ የሴቶች ገዳም ገብታ መነኮሰች። ካሳሁን ያን ቀን «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብሎ ተናገረ፤ ከተናገረም በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሸዋነሽ በየዓመቱ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ጧፍና ዘቢብ ይዛ ወደ ገዳሟ ትሄድ ነበር፤ እሱ ግን ስትሄድም አልሸኛት፤ ስትመለስም እንዴት ከረምሽ አላላት።

በወጉ ቢሆን መርዶን ባለ ሐዘኑ ራሱ አያደርስም፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ደጃፍ ቆመው፣ ቃሉን ተካፍለው ይናገሩታል እንጂ። በዚያ ዓመት ግን ሽማግሌ ከቤቱ እንዳይወጣ ተመክሮ ነበር፤ ካሳሁን የለመናቸው ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው «ጊዜው ነው» አሉት። ስለዚህ የራሱን መርዶ ራሱ ሊያደርስ ተነሣ፤ ከአዲስ አበባ ፍተሻ ለመሸሽም በከተማዪቱ ጀርባ ሸንተረሩን ተሻግሮ፣ በገፈርሳ በኩል ዞሮ ቡራዩ ገባ።

ቡራዩ ሲደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ድርቆሽ ሲነግድ የለመዳቸው የቀድሞ ገበሬ ኦቦ መገርሳ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ እርሻቸው ሰፈር ሆኖ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረቻቸው ግቢያቸው ናት።

«አካም ኦልተ፣ ካሳሁን?» አሉ፣ ሊነሡ ብለው ወረርሽኙ ትዝ ሲላቸው መልሰው እየተቀመጡ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ኦቦ መገርሳ። እርስዎስ እንደምን ዋሉ?»

«አለን። ሸዋነሽስ? ዘንድሮ ለኪዳነ ምሕረት ቀረችብን። ልጄ ፌኔት አልጋዋን አንጥፋ ስትጠብቃት ነበር።»

«የምን አልጋ?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «በየዓመቱ እኛ ዘንድ አይደል እንዴ አድራ የምትሄደው? አልነገረችህም?»

«አልጠየቅኋትም።»

ከዚህ በኋላ ካሳሁን የድርቆሽ ዋጋ እንደሚናገር ሰው፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ «ሸዋነሽ አርፋለች» አለ። ኦቦ መገርሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ አለቀሱ፤ ፌኔትም ከጓዳ ሰምታ እየጮኸች ወጣች። ካሳሁን ቆሞ አያቸው። ሰዎቹ ለሚስቱ ያለቅሳሉ፤ እሱ ግን የሚያየው የሌላ ሰው ቤት ለቅሶ ነው፤ ይህም አስፈራው።

ሽማግሌው ዕንባቸውን ጠርገው «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሉት፤ ቀጥለውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ያጽናህ ማለቴ ነው። ግን ለአንተ እንዲህ ብዬ መመረቄ አሁን ደስ አላለኝም። አንተስ ከልክ በላይ ጸንተሃል፤ ያላላህ።»

ያን ሌሊት ሸዋነሽ ትተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ተኛ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ተነሥተው መንገድ ጀመሩ፤ ኦቦ መገርሳ «መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም» ብለው እምቢ ስላሉት ነው። ከቡራዩ መውጫ ግን ገመድ ተወጥሯል፤ ሊቤ የሚባል ወጣት ሚሊሻ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ቆሟል።

«ወዴት ነው ጋሼ? መንገዱ ዝግ ነው።»

«ሰበታ። መርዶ ይዤ ነው» አለ ካሳሁን።

ሊቤ ጥቂት አሰበ። ስለ መርዶ ማንም ትእዛዝ አልሰጠውም፤ መርዶ መከልከል ግን አይደፈርም። ገመዱን ዝቅ አደረገና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ኦቦ፣ እርስዎ ግን ይመለሱ። ሽማግሌ ካሳለፍኩ እኔ ነኝ የምጠየቀው። በእናትዎ፣ አያስቸግሩኝ።»

ኦቦ መገርሳ ተከራከሩ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ተቆጡ፤ በመጨረሻው ግን ከገመዱ ወዲያ ቀሩ። ካሳሁን ብቻውን የወጨጫን ግርጌ ይዞ ተጓዘ።

መንገደኛ ብቻውን ሲሆን ከራሱ ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል፤ ካሳሁን ግን ከራሱ ጋር ተነጋግሮ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለ ሸዋነሽ የሚያውቀውን ሊቆጥር ሞከረ። ወጥ ላይ ጨው እንደምትቀንስ ያውቃል፤ ነጎድጓድ ሲያጓራ መብራት እንደምታጠፋ ያውቃል፤ ለከብቱ ግን ያላትን እንደማትሰስት ያውቃል። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። በየዓመቱ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደች፣ ለልጃቸው ምን እንደምትላት፣ ስትመለስ ደስ ብሏት ወይስ ከፍቷት እንደ ሆነ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ትዳሩ ይህን ያህል ብቻ መሆኑ አሳፈረው፤ ኀፍረቱ ግን ዕንባ አልሆነም፤ እግሩን ብቻ አከበደው።

ከገዳሟ በር ሲደርስ ቀኑ ወደ ማታ ተቃርቧል። የቆርቆሮ በር ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ከደጅ የእጅ መታጠቢያ በርሜልና ሳሙና ተቀምጧል። አንኳኳ። እመ ምኔቷ መስኮቷን ከፈቱ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? በዚህ ጊዜ እንግዳ አንቀበልም፤ ይቅር ይበሉን።»

«ትጊ የምትባል ልጅ አለችኝ። የምነግራት አለኝ።»

«ትጊ የሚባል ሰው እዚህ የለም። የምንኩስና ስሟን ይንገሩኝ።»

ካሳሁን ያንንም አያውቅም። «ረጅም ናት። ባንክ ትሠራ ነበር። እናቷ ሸዋነሽ ትባላለች» አለ።

«እማማ ሸዋነሽ? ጧፍ የሚያመጡልን?» የእመ ምኔቷ ፊት ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጋቢውንና አቧራ የለበሰ ጫማውን አይተው ከሰሙ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«ባሏ ነኝ። አርፋለች።»

እመ ምኔቷ አማተቡ። «ነፍሷን ይማር። አባቴ፣ ልጅዎ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ስትመነኩስ ፍትሐት ተደርጎላታል፤ ለዓለም ሞታለች። ወደ ለቅሶ አትወጣም፤ ደረት አትመታም። ለእናቷ የምታደርገው በጸሎት ማሰብ ነው፤ እኛም ሁላችን እናስባቸዋለን። የሟቿን የክርስትና ስም ይስጡኝ፤ ማታ ከጸሎት በኋላ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ። እርስዎም ከዚህ የበለጠ አይድከሙ።»

ለካሳሁን ይህ መልካም መውጫ ነበር፤ ስሙን ተናግሮ፣ የልጁን ዓይን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። አፉን ከፈተ፤ ስሙ ግን የለም። በቀብሩ ቀን ነፍስ አባቷ በፍትሐቱ መካከል ደጋግመው አንሥተውታል፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ አላዳመጠም። ከዚያ በፊትም ጠይቆ አያውቅም።

«አላውቀውም» አለ።

እመ ምኔቷ አልገሠጹትም። «እኛም እማማ ሸዋነሽ ብለን ነው የምናውቃቸው። እንግዲያው የምታውቀው ልጅዎ ብቻ ናት። ልጠይቅልዎት?»

ልጅቱ ስሙን ከተጠየቀች መርዶው ተነገራት ማለት ነው። ካሳሁን ይህን አሰበ። «አይ» አለ፤ «እኔ ልጠይቃት።»

መነኩሲቷ ስትመጣ ከመስኮቷ ወዲያ የታየው ቆቧና ዓይኖቿ ናቸው። አባቷን ባየች ጊዜ «አባባ» አለች። እሱ በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነበር፤ ያሰናዳው ሁሉ ከቁጣ የተረፈ «አንቺ» ነበረበት። አሁን ባርኔጣውን አወለቀና ቀና ብሎ ቆመ።

«እማሆይ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ሲላት። «የእናትዎ የክርስትና ስም ማን ይባላል?»

የመስኮቷን ጠርዝ ያዘች። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ያልመጣ አባት በእግሩ መጥቶ ይህን ሲጠይቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ገባት። ልትሰግድ ስትንበረከክ ቆቧ ከመስኮቷ ተሰወረ፤ ግንባሯ መሬት ሲነካ ተሰማ፤ ቆይታም ተነሣች።

«አስካለ ማርያም» አለች። «መቼ ነው?»

«በመጋቢት መጨረሻ። ልቧ ነው። አጠገቧ ነበርሁ። ላንቺ ሳልነግር አርባዋን እንዳላወጣ አስምላኛለች።»

«አባባ፣ ስለ መጣህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። «የኔንስ ታውቂዋለሽ?» አለ።

«ገብረ ሕይወት። እማዬ ነግራኝ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ በየሌሊቱ እጠራዋለሁ።»

ይህን ስም ከጥምቀቱ ወዲህ ማንም ሲጠራው ሰምቶ አያውቅም፤ ራሱም ሊረሳው ምንም አልቀረውም ነበር። በበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዕንባ አልመጣለትም፤ መነሣት ግን አቃተው፤ ልጁም ከበሩ ወዲያ እስኪነሣ ድረስ ቆመች። ከዚያ በኋላ የመጣበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ።

የዚያ ዓመት ታሪክ በየመዝገቡ አለ፤ አዋጁ ከነአንቀጹ ተጽፏል፤ በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚነገረው የታማሚና የሟች ቁጥርም ተቀምጧል። ሸዋነሽ ከዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም፤ በሌላ ሕመም ነውና የሞተችው። ከሱሉልታ ሰበታ በእግሩ የደረሰውንም መርዶ የጻፈው የለም፤ የሚጻፍ ነገር መሆኑንም ያሰበ የለም። በግንቦት መጀመሪያ፣ በአርባዋ ቀን፣ ሱሉልታ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አራት ሰዎች ተራርቀው ቆሙ፤ ቄሱ የሟቿን ስም ሊያነሡ አፋቸውን ሲከፍቱ ካሳሁን ቀድሟቸው «አስካለ ማርያም» አለ። ሊደግመው ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ አለቀሰም፤ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው እስኪጨርስ ጠበቁት።