አሥራ ሦስተኛዋ ብሎን

ሽማግሌው ከገደሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ገመዱ ከወገቡ አልተፈታም፤ በሌላው ጫፍ ከገደሉ አናት የተነቀለችው ብሎን አለች። መርማሪዋ ብሎኗን በጥፍሯ ጫር አደረገቻት። ኮላው ገና እርጥብ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የገደል መውጫ መንገድ ሲሠራ የኖረው እሱ ነው። ልቅ ድንጋይ ይጠርጋል፣ አለቱን ይበሳል፣ ገደል ወጪዎች ገመዳቸውን የሚያስሩባቸውን ብሎኖች በኮላ ይተክላል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ኮላዋ ያልደረቀ ብሎን ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ማንም አይንጠለጠልባትም። ዛሬ ጠዋት ከአናት ሲወርድ የተማመነባት ብሎን ግን ጨርቅ አልነበረባትም።

መርማሪዋ ሦስት ሰዎች ዕቃ ቤት ሰበሰበች። የሟቹ ሚስት የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገደሉ ሥር በሚቆመው ሰሌዳ ላይ የመንገዱ ሠሪ ተብሎ የባሏ ስም እንዲጻፍ። እግሩ በጀሶ የታሰረው ዕቃ ጠባቂ ደግሞ ወደ ገደሉ አናት የሚያስወጣውን በር ቁልፍ ትናንት አመሻሽ ላይ የመለሰልኝ የሟቹ ባልደረባ ነው ብሎ ይምላል፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉን የወሰደ ሟቹ ብቻ ነው። ባልደረባው፣ በሁሉም ነገር እኔ ልቅደም ስለሚል «ቀዳሚው» የሚሉት ጎልማሳ፣ ወደ ላይ ድርሽ አላልኩም ባይ ነው። የመንገዱን አሥራ ሦስት ብሎኖች ሁሉ የተከሉት እሳቸው ናቸው፣ ጨርቁን በእርጅና ረስተውት ነው አለ።

መርማሪዋ ስልኳን አወጣች። ቀዳሚው ትናንት ያሰራጨው ፎቶ ነው፤ አናት ላይ ፈገግ ብሏል፣ ትከሻው አጠገብ ብሎንና ቀይ ጨርቅ ይታያል። «ዛሬ የመጨረሻዋን ተከልኩ፤ ይህ መንገድ የእኔ ነው» ይላል ጽሑፉ። ሺህ ሰው አድንቆታል፤ እሱም ሊሰርዘው አልጨከነም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

«የሌላ ገደል ፎቶ ነው፤ ጉራዬን ነው» አለ ቀዳሚው።

«እንግዲያው ይፈርሙ» አለች ወረቀት እየገፋችለት። «አሥራ ሦስቱም የእሳቸው ናቸው፣ እኔ አንዲትም አልተከልኩም ይላል። ነገ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ከፈረሙ ፎቶው ጉራ ብቻ ይሆናል፤ በእጄ የሚቀረው የዕቃ ጠባቂው ቃል ብቻ ነው። ካልፈረሙ ግን ትናንት ብሎኗን ተክለው፣ ጨርቁን አስረው ፎቶ ተነሥተዋል። ከዚያ ጨርቁን ፈተው ወርደዋል፤ ለሽማግሌውም ደርቃለች ብለዋቸዋል።»

ቀዳሚው ብዕሩን አነሣ፤ እጁ ወረቀቱ ላይ ደረሰና ቆመ። ነፍሱን የሚያድንበትን ብዕር መልሶ አስቀመጠው። ያሳዝናልም፣ ያስጠላልም።

«የመጨረሻዋ የኔ ናት» አለ። «እሷን እንኳ ለሳቸው አልሰጥም።»

ሚስትየው ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አሥራ ሁለቱን የተከለው ባሌ ነው» አለች ለመርማሪዋ። «አሥራ ሦስተኛዋን ለሱ ጻፉለት።»